አንድ «በርቱ» ስንት ጎመን ይገዛል?

የሰሜን ሸዋ ሰው ለዱር እንስሳ አይራራም የሚል ሐሜተኛ ካለ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣርማበር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይታዘበን። መኪናው ሁሉ ጥግ ይይዛል፣ መስኮት ይወርዳል፣ ብስኩት ይዘንባል። ጭላዳ ዝንጀሮን ፈጣሪ ሲሠራው ቀኑን ሙሉ ቂጡ ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ እንዲውል አድርጎ ነው። ይህን ስህተት ያረምነው እኛ ነን። ሣር መንጨቱን ትቶ አስፋልት ላይ እጁን ዘርግቶ ሲቀመጥ «አቤት ሥልጣኔ!» እንላለን። ሲኖትራክ ቢድጠው ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ እኛ ያበላነው ጠግቦ እንዲኖር ነበር።

ደግነታችን ግን መንገድ ዳር ቆሞ አይቀርም፤ ቤት ድረስ ይገባል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ አንዲት የጦጣ ግልገል እንገዛለን። እናቷ ወዳ አልሰጠችንም፤ ስለ እናቷ ባናነሳ ይሻላል። ከዚያ ያቺን ሙቀት የለመደች ፍጥረት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው ደብረ ብርሃን አምጥተን፣ መጠጥ ቤት ጓሮ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ወገቧን በገመድ እናስራለን። የታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ እሷ ትንቀጠቀጣለች፤ እኛ «ስትጨፍር እይዋት!» እንላለን። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀች ናት፤ ለጦጣ የሚሆን ቁጥር አይሠራም መሰለኝ። ብርዱን እንድትረሳ ድራፍት እንሰጣታለን፤ ስትንገዳገድ በስልካችን እንቀርጻታለን። ለደንበኛ እንኳ እንዲህ ያለ መስተንግዶ የለም።

የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ክልክል ነው ይላል የሚል አዋቂ አይጠፋም። ወንድሜ፣ እኛ መቼ ያዝን? አስጠጋን እንጂ!

አንድ ችግር ብቻ አለ። ጦጣዋ ታድጋለች፤ ገመዱ ግን አብሯት አያድግም። ቆዳዋን በልቶ ሥጋዋ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ታዲያ፣ ያን ሁሉ ድራፍት ረስታ፣ የአስተናጋጁን እጅ ትነክሳለች። እሱ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ጤና ጣቢያ ይሮጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ያን ጊዜ «ከከተማው ዳር እንስሳ የሚያስታምሙ ልጆች አሉ አይደል?» ይላል።

አሉ። አራት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዷ መምህርት፣ ሁለቱ ሥራ ፈላጊ። ደመወዝ የላቸውም። ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት የሚያስተዳድረው «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ማገገሚያ እንዳለ ያውቃሉ፤ ግን ክንፏ የተሰበረ ጭላት ይዞ አዲስ አበባን አቋርጦ የሚሄድ ማን ነው? ስለዚህ በተከራዩት ግቢ፣ ጎመኑንም ወተቱንም መድኃኒቱንም ከኪሳቸው እየገዙ፣ የተነከሰውን ያጥባሉ፣ የተሰበረውን ይጠግናሉ።

እኛ ወደነሱ ቀን አንሄድም፤ እንግዳ ቀን መምጣቱ ያሳፍራል። ሌሊት፣ የሙዝ ካርቶን ይዘን፣ በሩ ላይ አስቀምጠን፣ አንኳኩተን ሩጫ ነው። እንደ ምንም ከደረሱብን ግን ወኔያችን ይመለሳል። «አደራ፣ ልጄ ማለት ናት!» እንላለን። ጦጣዋን አቅፈን ፎቶ እንነሳለን። በመጨረሻም ያንን ትልቁን ስጦታ ከልባችን አውጥተን እንሰጣለን፦ «በርቱ!»

ይህን ስጦታ የሚንቅ ሰው ስለማይጠፋ፣ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ምንዛሪውን ልጠይቅ ብዬ ነበር። «እናቴ፣ አንድ ጥቅል ጎመን በስንት በርቱ ይሸጣል?» አልኳቸው አንዲትን ነጋዴ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተን ማን ፈታህ?» አሉኝ። ወተት ሻጭዋ ጋ በ«እግዜር ይስጥልን» ሞከርኩ፤ እሷ ደግሞ በጆግ አባረረችኝ። የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጨዋ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ መጋረጃውን ሳበ።

ምስጋና ግን አላጓደልንባቸውም። አምና አዳራሽ ተከራይተን፣ ምሳ አብልተን (ለኛ ነው፤ ልጆቹ እንስሶቹን የሚጠብቅ ስላጡ አንዷ ብቻ ነበረች)፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጠናቸው። በወረቀቱ ላይ ነብር ታትሞበታል። የኛ ባለ ነጠብጣቡ ሳይሆን ባለ መስመሩ የእስያ ነብር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ጫካ ለጫካ ሲዞር ማንም አላየውም። ይሁን፤ ማተሚያ ቤቱ ያገኘው እሱን ነበር። የምሳው ሒሳብ ለአንድ ዓመት ጎመን ይበቃ ነበር ብላ መምህርቷ አጉረመረመች አሉ። ምስጋና ቢስ!

የመንዝ አባቶች ጓሳ የተባለውን የሣር ደጋቸውን ሲጠብቁ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት አልነበራቸውም። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉና፣ ያለ ጊዜው ያጨደውንም ከብት ያስገባውንም ይቀጡ ነበር። ጥበቃውም በሰው ጉልበት እንጂ በቃል አልነበረም። ዛሬ ቀይ ቀበሮ እዚያ የምትታየው በዚህ ኋላ ቀር አሠራር ነው። ያኔ «በርቱ» ብሎ መሄድ ቢኖር ኖሮ ስንት ድካም ይቀርላቸው ነበር!

እኔም በበኩሌ ድርሻዬን እየተወጣሁ ነው። ለልጄ ልደት አንዲት ኤሊ ተዋውያለሁ። ሻጩ የጀርባዋን ድንጋይ በስቶ ሲባጎ አስገብቶላታል፤ «አጥንት ስለሆነ ያማታል» ያሉኝ ነበሩ፣ ግን ዝም ስላለች አላመንኩም። ልጁ እስከ ፋሲካ ይሰለቻታል ብዬ እገምታለሁ። ካርቶኑን ከወዲሁ ቆጣቢነቴ አስቀምጦልኛል፤ የልጆቹንም ግቢ በር በጨለማ አላጣውም።