ያንን ጣሳ ውኃ ማን መለሰው?

የጎንደር ሰዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ባለፈው ሁዳዴ አጋማሽ ወደ ጎሃ ኮረብታ በሚያስወጣው ዳገት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ረስታችሁታል። እኔ ግን ልረሳው አልቻልሁም፤ ይቅርም አልለውም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር። የሠፈራችን ልጆች ከአሰልጣኛቸው ጋር ዳገቱን እየተመላለሱ ይሮጣሉ። ወንዱም ሴቷም እኩል ዙር፣ እኩል ፍጥነት ታዟል። ከመካከላቸው የ17 ዓመቷ ልጅ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ተንገዳግዳ ከመንገዱ ዳር ወደቀች። ጥቂት ቆይታ ዐይኗን ገለጠችና «ውኃ» አለች። ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት በጣሳ ይዛላት ሮጠች። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ እጁን ዘርግቶ «ቅዳሴ ሳይወጣ? ጾሟን ልታስፈቻት ነው?» ሲል ከለከላት። ሌላው ደግሞ «ካልቻለች ቤቷ አትቀመጥም? ሴት ልጅን ዳገት ምን አስወጣት?» አለ። ጣሳው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሃያ የምንሆን ሰዎች ቆመን አየን። በመጨረሻ አብሯት የሚሮጥ ልጅ በጀርባው አዝሎ ወሰዳት።

ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ስፖርት አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ የእኔ ዝምታ ከሁላችሁም ይከፋል። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ደም ስለምታጣ ከወንዱ የበለጠ ብረት እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ። 55 ቀን ሥጋና ወተት በሌለበት ጾም ብረቱ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን መምጣት እንዳለበት፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ሰውነት ይበልጥ እንደሚወስደው፣ ከማዕድ ሳንነሣ የምንጠጣው ቡና ግን ሰውነት የሚወስደውን ብረት እንደሚቀንስ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። የምትበላው ለምትሮጠው ሳይበቃ ሲቀር የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም እየሳሳ ሊሄድ እንደሚችል አውቃለሁ። ያቺ የወደቀችው ልጅ ኋላ ለባለቤቴ እንደነገረቻት የወር አበባዋ ከተቋረጠ አራት ወር አልፎት ነበር፤ የሚጠይቃት ስላልነበረ ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሙ ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ አገኘ። እኔ ይህን ሁሉ አውቄ፣ አንድ ጣሳ ውኃ ከዚያች እናት እጅ ተቀብዬ ማጠጣት አቃተኝ።

ጾሙን አልከስስም፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ወድቃ ውኃ የለመነችን ልጅ መከልከልን ግን ከየት አመጣነው? የንስሐ አባቷ ነገሩን ሲሰሙ አዝነው «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፤ ምነው ቀድማችሁ ባትጠይቁኝ?» አሉ። ከካህኑ ይልቅ እኛ ጨከንን። በረመዳን ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉት ሙስሊም ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ለታመመና ለመንገደኛ ይፈቅዳል፣ በወር አበባ ላይ ያለችዋንም አያስጾምም፣ ቀኑን በኋላ ይከፍሉታል፤ የሰው ዐይን ግን አይፈቅድላቸውም።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ከባዱን ልምምድ ልጆቹ እህል ወደሚቀምሱበት ሰዓት ብታስጠጉት ምን ይጎድልባችኋል? በሁዳዴ 9 ሰዓት ላይ ከበሉ በኋላ አመሻሹ ላይ ማሮጥ ይቻላል፤ ረፋዱን ለቀላል እንቅስቃሴ መተው ይቻላል። ሴቶቹንም ስለ ጤናቸው የምትጠይቅ አንዲት ሴት አጠገባችሁ አድርጉ። እናቶች፣ ልጃችሁ ከሜዳ ስትመለስ ከቀረው ሳይሆን ከዋናው አቅርቡላት።

ይህን ስጽፍ ብዙ ተስፋ አድርጌ አይደለም፤ ደክሞኛል። ሆኖም በዚህ ሁዳዴ አንድ አሰልጣኝ ልጆቹን አመሻሹ 11 ሰዓት ላይ ሲያወጣ አየሁ፤ ከዳገቱ ግርጌ በሶና ውኃ የያዘ ጀሪካን ተቀምጧል። ያቺ ልጅም ከጀሪካኑ አጠገብ ቆማ የጓደኞቿን ሰዓት ትይዛለች። እርሷ ገና አትሮጥም።