ለእስክሪብቶዋ 700 ሺህ ብር!

ሰሞኑን ደሴ ላይ አንዲት እስክሪብቶ 700 ሺህ ብር አወጣች። ሰማያዊ ናት፣ ክዳኗ ወርቅ ቅብ። ፒያሳ አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ብትገቡ ከነሳጥኗ 300 ብር ይሏችኋል፤ ትንሽ ከተከራከራችሁ 250 ትወስዷታላችሁ።

የት እንደተሸጠች መናገር አይጠበቅብኝም። «የድጋፍ እራት» የሚባለውን ነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ ወይ አገር ውስጥ የለም ወይ ስልኩ ተዘግቷል። ኮምቦልቻም አለ፣ ወልዲያም አለ፣ እናንተም ሰፈር አለ። ድጋፉ አንዳንዴ ለልማት ነው፣ አንዳንዴ ለበዓል፣ ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ለዘመቻ። ባነሩ ይቀየራል እንጂ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ያው ናቸው። ፊት ለፊት ባለሥልጣን፣ ከጎኑ ባለገንዘብ፣ ከኋላ ደግሞ አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል የተጠራነው። በዚችው ደሴ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ሠርተው ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ግብር ያበሉ ነበር ይባላል። የዛሬዎቹ ጋባዦች ያን ስህተት አልደገሙም። ፊት ያለው ጠረጴዛ ጥብስ በላ፣ እኛ ሩዝ በካሮት።

ሰው በዚህ ነገር ተናዷል። እኔ ግን በጣም ረክቻለሁ። እንዲያውም ይህን የመሰለ ባህል የሚያሞግስ ሰው ጠፍቶ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። የኔዋ ያው የ20 ብሯ ናት።

ሥነ ሥርዓቱን ላላያችሁ ልንገራችሁ። መድረክ መሪው እስክሪብቶዋን ቀይ ጨርቅ በለበሰ ትሪ ላይ አድርጎ ይዟት ወጣ። የባህል ልብስ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች አጀቧት። ሙዚቃው ዝቅ አለ። «ክቡራትና ክቡራን! ይህች እስክሪብቶ ተራ እስክሪብቶ አይደለችም!» አለ። ለምን ተራ እንዳልሆነች ግን አልነገረንም። መነሻ 10 ሺህ ተባለ። ባለ ጠጠር ማምረቻው 20 አለ። ባለ ማደያው ከጥብሱ ቀና ሳይል 50 አለ። ባለ ሕንፃው እጁን አወጣና መቶ ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ጠጠሩ ላብ ላብ እያለው «110» አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀበት። እዚያ ቤት አሥር ሺህ ብር መጨመር ነውር ነው። ምስኪኑ ጠጠር ማምረቻ እንጂ ማደያ የለውም። ባለ ማደያው በሳቁ መሃል «ሁለት መቶ» አለና እስክሪብቶዋን ወሰዳት።

አለቀ ስትሉ ገና ነው። ሰውየው መድረክ ላይ ወጣ፣ ከክቡርነታቸው ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ማይኩን ተቀበለ። «እኔ ለእስክሪብቶዋ አይደለም! ለዓላማው ነው! ድጋሚ ትሸጥ!» እልልታ። ድጋሚ ተሸጠች። አሁን ባለ ሕንፃው በ250 ሺህ ወሰዳት። እሱም ወጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ማይኩን ያዘ። «እኔም ለዓላማው ነው!» እልልታ። ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበች። ባለ ጠጠሩ የቅድሙን ሳቅ ሊበቀል ቆርጦ ተነስቷል፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ 250 ሺህ ብሎ ጠራ። ሚስቱ ጎኑን ስትቆነጥጠው በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም ፎቶ ተነሳ። ግን «ድጋሚ ትሸጥ» አላለም። የሦስቱ ሁሉ ብልጥ እሱ ነበር። እስክሪብቶዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ለክቡርነታቸው በስጦታ አበረከታት።

ቤቱ ተነስቶ አጨበጨበ። ክቡርነታቸው ከደረት ኪሳቸው ሰኳት። ሰኞ ምን ላይ እንደሚፈርሙባት እግዜር ይወቅ።

(ዕቃ ሲያነሳ ያገኘሁት አስተናጋጅ ቀደም ብሎ ሶፍት ላይ ሞክሯት እንደማትጽፍ ነግሮኛል። አልገረመኝም። የምትጽፈው ለከፈለ ብቻ ይሆናል።)

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው መረቁ። «እጃችሁ አይንጠፍ!» አሉ። አሚን አልን። እጃቸውማ እንዴት ይነጥፋል? እየሰጡ እኮ አይደለም፣ እያበደሩ ነው።

ስለ ብድሩ አከፋፈል ትንሽ ላስረዳ። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው ይላል። ጨረታው የትኛው እንደሆነ አንዳንድ የዋህ ሰዎች አልገባቸውም። ማስታወቂያ ቦርድ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያነበቡ፣ ሰነድ ገዝተው፣ ሲፒኦ አስይዘው፣ ኤንቨሎፕ አሽገው ይጠብቃሉ። ጨረታው እኮ ቅዳሜ ማታ ተካሂዷል! በጥብስ! ሰኞ ጠዋት ባለ ጠጠሩ ቢሮ ሲሄድ ጥበቃው አይፈትሸውም። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አትለውም። ፎቶው እንኳ ቀድሞት ደርሷል፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዋጋው ይሄ በር ነው። 250 ሺህ ብር ለእስክሪብቶ ውድ ነው፣ ለበር ግን ርካሽ ነው።

አሜሪካኖችን ሳስብ አንጀቴን ይበሉታል። እዚያ ሎቢይስት የሚባል ሰው አለ። ለአንድ ኩባንያ ብሎ የምክር ቤት አባላትን ሊያግባባ ሲሄድ ይመዘገባል፤ በፈረንጆቹ 1995 የወጣው ሕጋቸው ያስገድደዋል። ደንበኛዬ እገሌ ነው፣ የከፈለኝ ይህን ያህል ነው፣ የደከምኩት ለዚህ ሕግ ነው እያለ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል። ለውጭ መንግሥት የሚሠራው ደግሞ በ1938 በወጣ ሌላ ሕግ ፍትሕ ሚኒስቴራቸው ዘንድ ይመዘገባል። በ2023 ብቻ በፌዴራል ደረጃ ለሎቢ የወጣው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል ብር አውጥቶ በመዝገብ ላይ መስፈር! ጎረቤት ያየዋል፣ ጋዜጠኛ ያየዋል፣ እኔ እንኳ ደሴ ተቀምጬ አየሁት። ምን ዓይነት ገመና ነው?

በፈረንጆቹ 2010 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኩባንያዎች በምርጫ ላይ በራሳቸው የሚያወጡት ገንዘብ አይከለከልም፣ ሐሳብን እንደመግለጽ ነው ብሎ ፈረደ። ዘጠኝ ዳኞች ቁጭ ብለው፣ ተከራክረው፣ 5 ለ 4 ተለያይተው። ገንዘብ ይናገራል ለማለት ይህ ሁሉ ድካም! እኛ ጋ ገንዘብ መናገሩን የሚጠራጠር ዳኛም ምስክርም የለም። ማይክ ይዞ ነው የሚናገረው።

እኛም ብንሆን በነሱ ሰፈር አልፈናል። በ2007፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ሰብዓዊ መብት የተረቀቀው፣ ኤች አር 2003 የሚባለው ረቂቅ ሕግ የተወካዮች ምክር ቤታቸውን ሲያልፍ፣ በኋላም ሴኔቱ ሳያጸድቀው ሲቀር፣ የዚያን ጊዜው መንግሥታችን ዋሽንግተን ላይ ሎቢይስት ቀጥሮ ነበር። ለዚህ የተከፈለው ገንዘብ እዚያው መዝገብ ላይ ተጽፏል። ልብ በሉ፣ የኛ ገንዘብ የት እንደገባ ለማወቅ የነሱን መዝገብ መግለጥ ነው ያለብን። የእስክሪብቶዋስ? እሷን የሚመዘግብ ፈረንጅ ከየት ይመጣል?

በርግጥ እኛም ሕግ አናጣም። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። እሰየው። የቅዳሜው ገንዘብ ምንጩማ ይታወቃል፣ ፊት ወንበር ላይ ጥብስ ሲበላ ነበር። መድረሻው ነው የማይታወቀው።

ከእራቱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ባለሙያ አለ፤ ሳላመሰግነው ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ባለ ሁለት ስልኩ! ጉዳይ ገዳይ ትሉታላችሁ፣ እሱ «አማካሪ» መባል ነው የሚወደው። ቢሮ የለውም። ማኪያቶ ቤት በረንዳ ላይ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ናት ቢሮው። ባለፈው ከጎኑ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው ፊቱ ተቀምጠዋል።

«አብሽሩ አባቴ፣ ልጁ የኔ ነው» አላቸው። «ልጁ» የሚለው ጸጉሩን የጨረሰ ኃላፊ ነው።

ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ በር ላይ ቆመ። እየሳቀ፣ እጁን እያወናጨፈ አወራ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«አባቴን ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«እሱ እኔን የት ያውቀኛል?» አሉ ሰውየው።

«እርሶን ባያውቅ ፋይሎን ያውቀዋል! ጉዳዩ አልቋል። ትንሽ የሻይ ነገር ብቻ ነው የቀረው።»

ሻይዋ 15 ሺህ ብር ናት። ስኳሯ ለብቻ ይታሰባል። በስልክ ሲስቅለት የነበረው ሰው በኋላ ሳጣራ እዚያው ሰፈር መኪና የሚያጥብ የአክስቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅመን አስቡት። እሱ ባይኖር ኖሮ ሰው በቀጥታ ቢሮ ይሄድ ነበር። ቢሮው ይጨናነቃል። ሠራተኛው ይሠራል። ሥርዓቱ ይናጋል። ደግሞም የሚሸጠው ነገር የማያልቅ ነው። ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ዘይት ይጠፋል፣ ነዳጅ ይጠፋል፤ «ሰው አለኝ» የሚባለው ዕቃ ግን ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ አንዳንድ ምቀኞች በሕግ ሊያሰናክሉት ሞክረዋል። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «በግል ተሰሚነት መነገድ» የሚል ወንጀል ጽፈውበታል። እውነት ሆኖም ይሁን አስመስሎ፣ ባለሥልጣን ጋ ተሰሚ ነኝ ብሎ ገንዘብ መቀበልን ነው የሚያወሩት። እሱ አዋጁን አንብቦታል። ለደንበኛ ያሳየዋል እንኳ። «ይኸው፣ ሥራችን በአዋጅ ይታወቃል» እያለ።

አሁን ግን እዚህ ላይ ልቁም። እነዚያ አባት ፌስታል ውስጥ የያዙት ፋይል የካሳ ፋይል ነው። መሬታቸው ለመንገድ ተወስዷል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳው ተከፍሎ ነው ሰው የሚነሳው ይላል፤ እሳቸው ከተነሱ ሁለት ክረምት አልፏል። ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ድጋፍ አልጠየቁም፣ ቦታ አልጠየቁም፣ ጨረታ አልገቡም። የገዛ ገንዘባቸውን ለመቀበል ነው በግ ሸጠው 15 ሺህ ብር ይዘው የመጡት። ማታ የሚያድሩት መናኸሪያ አጠገብ ነው፣ አልጋ ቢይዙ ከሻይዋ ላይ ይጎድላል። የዚያኑ ቀን ጠዋት ቢሮ ሄደው ነበር። «ሲስተም የለም» ተብለዋል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሲስተም፣ የባለ ጠጠሩ ፋይል አንድ ክፍል ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ይሄ ባህልም አይደለም፣ ብልጠትም አይደለም። ዝርፊያ ነው። በእልልታ ስለታጀበ ሌላ ስም አያገኝም። ማጨብጨባችንም ያሳፍራል፤ እዚያ አዳራሽ ያለነው ሁሉ ሩዝ ለበላንበት ብለን አጨብጭበናል።

እሺ፣ ይበቃል። ወደ ሙገሳው ልመለስ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ያህል ሰው የሚያስተዳድር ዘርፍ ንግድ ፈቃድ ቢያወጣ ምን አለበት? ቲን ቁጥር ይሰጠው፣ ደረጃ ይውጣለት። የወረዳ ደረጃ ሦስት፣ የዞን ሁለት፣ የክልል አንድ፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚደርሰው ልዩ ደረጃ። የድጋፍ እራቱም ወጪና ገቢ ይለጠፍ። ማን ስንት ሰጠ፣ በስንተኛው ሳምንት ምን ተፈቀደለት፣ ጎን ለጎን። ለነጋዴውም ጥሩ ነው፤ አሁን እኮ ለበር ከፍሎ ኃላፊው ከተነሳ በሩም አብሮ ይነሳል፣ ምስኪኑ ለአዲሱ እንደገና ሌላ እስክሪብቶ መግዛት አለበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል ሁሉም የሚያዝነው ለተሻረው ነው። ላበላውስ ማን አዘነለት?

ይህን ሐሳቤን ለባለ ሁለት ስልኩ አማከርኩት። ፈቃዱን ወደደው፣ ደረጃ አንድ እንደሚገባው እርግጠኛ ነው። ታፔላ ሊያሠራም አሰበ። «ታዲያ ደረሰኝ መቁረጥ ትጀምራለህ ማለት ነው» ስለው ግን ማኪያቶውን አስቀመጠና በጣም ተቆጣ።

«ኧረ ባክህ! ደረሰኝ ከቆረጥኩማ ጉቦ ሆነ እኮ!»