እርማት፦ «ታይትል ዋን» የደካማ ትምህርት ቤት መለያ አይደለም
በአሜሪካ ከተሞች ልጆቻቸውን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወገኖች «ታይትል ዋን ከተባለ በውጤቱ የወደቀ ነው፤ ልጃችሁን አታስገቡ» ሲባባሉ አያለሁ። ስጋቱ ይገባኛል፤ መረጃው ግን ትክክል አይደለም።

ታይትል ዋን በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ የተጀመረ የገንዘብ ድጋፍ ነው። መመዘኛው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የሚመጡ ተማሪዎች ድርሻ እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም። ድርሻው 40 በመቶ ከደረሰ ገንዘቡን ለመላው ትምህርት ቤት ማዋል ይቻላል፤ ተጨማሪ መምህር ለመቅጠር፣ በንባብና በሂሳብ ለማገዝ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጎበዝም ደካማም አለ፣ እንደ ሌላው ሁሉ።

ወሬው ጉዳት አለው። በብዙ ቦታ ድርሻው የሚቆጠረው ወላጆች ገቢያቸውን በሚሞሉበት፣ ልጆች በትምህርት ቤት ነጻ ምሳ እንዲያገኙ በሚጠየቅበት ቅጽ ነው። አፍሮ ቅጹን ያልመለሰ ወላጅ (ልጁ ምሳውን ከቤት ይዞ የሚሄድም ቢሆን) ትምህርት ቤቱ የሚያገኘውን ገንዘብ ሊያሳንስ ይችላል።

ለማጣራት የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚያወጣውን ሪፖርት ካርድ በድረ ገጹ ይመልከቱ፤ የተመራቂዎች ምጣኔ፣ የጀማሪ መምህራን ድርሻና ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ እዚያ አለ። ታይትል ዋን ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የልጅዎን መምህር የሙያ ብቃት የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አለዎት።