እርማት፦ ችግሩ ርቀት አይደለም

«የካናዳ ነባር ሕዝቦች ንጹሕ ውሃ ያጡት ከከተማ ርቀው ስለሚኖሩ ነው» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ላርምህ። ሾል ሌክ 40 የተባለውን ማኅበረሰብ ተመልከት። የዊኒፔግ ከተማ ከ1919 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የምትጠጣው ከእነሱ ሐይቅ ነው፤ ውሃው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርሳታል። ለዚሁ ሥራ መሬታቸው ተወስዶ፣ በተቆፈረ ቦይ ከዋናው ምድር ተቆርጠው ደሴት ላይ ቀሩ። ከ1997 እስከ 2021 ድረስ ደግሞ ራሳቸው «ሳታፈሉ አትጠጡ» እየተባሉ፣ የታሸገ ውሃ እየተጓጓዘላቸው ኖሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። የጎደላቸው ማጣሪያ ጣቢያ ነበር፤ ጣቢያው የተሠራውም በ2019 መንገድ ከተከፈተላቸው በኋላ ነው። አዎ፣ መንገድ ማጣታቸው ግንባታውን አስወድዶት ነበር። መንገዱን ያሳጣቸው ግን ያው ቦይ ነው።