ከላይ የመጣ ውኃ

በኤሉል ወር የመጀመሪያ ሳምንት ከመኝታ ቤቴ ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። እስራኤል ውስጥ በዚያ ወር ዝናብ አይታሰብም። ጠብታውም ያን ሁሉ ወለል ትቶ ትራሴን መረጠ። እናቴ ቀና ብላ አየችና፣ «ይኼስ ከላይ የመጣ ነው» አለች። ወዲያው ተስማማሁ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ከላይ ማለት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ማለት ደግሞ እትዬ ናቸው።

እናቴ ሌላ «ላይ» ማለቷ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኤሉል ከሮሽ ሃሻና፣ ከአይሁድ አዲስ ዓመት፣ በፊት ያለው ወር ነው፤ አይሁድ ከፈጣሪው ጋር ሒሳቡን የሚያይበት። አሽከናዞቹ፣ የአውሮፓ አይሁዶች፣ በየጧቱ ሾፋር፣ የበግ ቀንድ፣ ይነፋሉ፤ ስፋራዶቹ፣ የስፔን ዘር ያላቸው፣ ሌሊት ተነሥተው ሰሊኾት፣ የይቅርታ ጸሎት፣ ይደግማሉ። ራምባም፣ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሊቅ፣ የሾፋሩን ድምፅ «እናንት ያንቀላፋችሁ፣ ንቁ» ማለት ነው ብሎ ፈትቶታል። ይኸው ራምባም ስለ ጾም በጻፈው ሕግ፣ መከራ ሲመጣ «የዓለም ጠባይ ነው፣ አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍን ጭካኔ ይለዋል፤ ሰው እንዲያ ካለ ከክፉ ሥራው ጋር እንደተጣበቀ ይቀራልና። ሐኪምም ስለነበረ ይሆናል፣ የበሽታ ምልክት አይቶ ዝም የሚል ሰው አይወድም።

በዚህስ እኛን የሚከስ የለም። በሰፈራችን አጋጣሚ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። የምኩራብ ጎረቤቴ የጣሪያዬን ነገር ሰምቶ ሳይጨርስ «መዙዛህን አስመርምር፣ አንድ ፊደል ተፍቆ ይሆናል» አለኝ፤ በበር መቃን ላይ የሚሰቀለውን፣ የቶራ ቃል የተጻፈበትን ብራና ማለቱ ነው። አማቼ የሰው ዓይን ነው አለ። እኔ ደግሞ ቡና ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ እትዬ በሕይወታቸው ምን ቢሠሩ ነው እግዚአብሔር ቧንቧቸውን እንዲህ የሚቀጣው እያልኩ ስተነትን ከረምኩ።

ተልሙድ፣ የሊቃውንቱ የሕግና የክርክር መጽሐፍ፣ «መከራ ሲደርስብህ ሥራህን መርምር» ይላል። ሥራህን። እኛ ግን ያቺን «ህ» እንደተፋቀ የመዙዛ ፊደል እየዘለልን ሥራዋን፣ ሥራውን፣ ሥራቸውን ብለን እናነባለን። ሌሊት ሌሊት በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን እየደበደብኩ የእትዬን ሥራ ስመረምር፣ ከማዶ ምኩራብ ሰሊኾቱ ይሰማኛል።

ስለ ሰሊኾት ካነሣሁ አይቀር፣ የዕብራይስጡ «ስሊኻ» እዚህ አገር ሁለት ኑሮ ይኖራል። ሌሊት ምኩራብ ውስጥ «ይቅር በለን» ነው። ሲነጋ አውቶቡስ ላይ «ዘወር በል፣ ልለፍ» ይሆናል፤ ያውም ከክርን ጋር። ሌሊት ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ የነበረው ሰው ጧት ጎኔን በክርኑ ሲደቃኝ፣ ጸሎቱን እየቀጠለ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ዮም ኪፑር፣ የማስተሠረያው የጾም ቀን፣ ሲቃረብ ይቅርታ መጠያየቁ ተጀመረ። ሚሽና፣ የተልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ መጽሐፍ፣ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል፣ የተበደለው ካልታረቀ ዮም ኪፑር አያስተሠርይም ይላል። ስለዚህ እኛም በዋትስአፕ እንታረቃለን። «አውቄም ሆነ ሳላውቅ የበደልኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» የምትለዋን መልእክት፣ ከነአበባዋ፣ ስልኬ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ላክኋት። ለኢንሹራንስ ሻጩ ሳይቀር ደረሰችው፤ እሱ እንኳ በልብ ምልክት ማረኝ። ከእትዬ ግን የድምፅ መልእክት መጣ።

«ልጄ፣ ለምኑ ነው?»

ይኼ ጥያቄ የቆየ ነው። ሰው ሲናዘዝ ኃጢአቱን አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት ወይ ተብሎ ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል። ረቢ ዩዳ ቤን ባባ ይዘርዝር አለ፤ ረቢ ዓቂባ ግድ የለም አለ። እኔ ምንጊዜም ከዓቂባ ጋር ነኝ። እናቴ ግን ሰማችኝ። «እኛ ጎንደር፣ አምቦበር፣ ለስግድ በዓል ተራራ ስንወጣ ድንጋይ ተሸክመን ነበር» አለች። «አንተ አንድ ፎቅ ባዶ እጅህን መውጣት አቃተህ?»

ከጾሙ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። እትዬ ቤት ገብቶ ወዲያው ወጣ፤ እሳቸው ጋ ሁሉም ደረቅ ነው። ወደ ሰገነቱ ወጣ። የሕንፃችን ሰው ሁሉ በፀሐይ የሚሞቀውን የውኃ በርሜሉን፣ ዱዱን፣ እዚያ ነው የሰቀለው። ሠራተኛው ቧንቧውን ከሥር እስከ ጫፍ ተከትሎ አንዱን በርሜል መታ መታ አደረገና፣ «ይኼ የማን ነው?» አለ። ቁጥሩን አየሁ። «ያንተ ነው፣ አኺ፣ ወንድሜ» አለኝ ሳልመልስለት። እናቴ ልክ ነበረች፤ ከላይ ነው የመጣው። በእትዬ ግድግዳ ውስጥ ሳይነካቸው አልፎ ባለቤቱን ፈልጎ ትራሴ ላይ አረፈ።

የጠየቀኝን ከፈልኩ። ለእትዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቧንቧው ተጠግኗል፣ አሮጊት ሴት ለምን አስቸግራለሁ አልኩ።

ዮም ኪፑር ደረሰ፤ እናቴ እስካሁን አስተሥርዮ ነው የምትለው። ምኩራብ ቆሜ ደረቴን እየመታሁ «በደልን፣ ከዳን» አልኩ። ኑዛዜው በብዙ ቁጥር መጻፉ እንዴት ያለ ምቾት መሰላችሁ! ከአንድ ጉባኤ ጋር ሲካፈሉት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሆድ ባዶ ሆኖ ዐይን በሚከደንበት ሰዓት፣ ትንቢተ ዮናስ ይነበባል። ማዕበሉ ይናወጣል፤ አሕዛቡ መርከበኞች እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው ይጮኻሉ። ኋላም የነነዌ ሰዎች አንድ ስብከት ሰምተው ማቅ ይለብሳሉ፤ ከብቶቹ ሳይቀሩ። በመርከቡ ላይ የተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነቢዩ። ጎኔ ያለው ሽማግሌ ያንኮራፋ ነበር፤ እኔም ልከተለው ስል፣ «ይህ ክፉ ነገር በማን ምክንያት እንዳገኘን እናውቅ ዘንድ ዕጣ እንጣጣል» የሚለው ቃል ላይ ተደረሰ። የቧንቧ ሠራተኛው በርሜሉን ሲመታ ታየኝ። ዮናስ እንኳ ዕጣው ሲወጣበት «በእኔ ምክንያት ነው» አለ እንጂ ለመርከበኞቹ አበባ አልላከላቸውም።

ሾፋሩ ተነፍቶ ጾሙ ሲፈታ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ቤት ደረስኩ። በሕጉ ከጾሙ በፊት መሄድ ነበረብኝ፤ ዘግይቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ደረጃ አሥራ ስምንት መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ። እትዬ በሩን ከፈቱ። ነጠላቸውን ገና አላወለቁም።

«ስሊኻ» አልኳቸው።

ልለፍ ያልኩ መስሏቸው ከበሩ ዘወር አሉልኝ። አልገባሁም። ቆሜ ስቀር ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን በመቃኑ አስደግፈው፣ «ለምኑ ነው ልጄ?» አሉ።

ከመጥረጊያው ጀመርኩ።