«ሆዴን አመመኝ» የምትለው ልጅ

ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሰኞና ረቡዕ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል እጇን ታወጣለች። «ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ።» ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች። ውሃ ትጠጣለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ትደፋለች። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ምንም አይላትም።

ለብዙ ሳምንታት «ሰበብ ነው» እያልኩ አለፍኳት። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም ሳየው ክው አልኩ። ሰኞና ረቡዕ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ንባብ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እየቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡበት።

ልጅቷ አልዋሸችም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ምግብ መፍጨት ይዘገያል፣ አንጀት ይኮማተራል። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ጭንቀቱ ሆድ ላይ ሲወርድ ሕመሙ የእውነት ሕመም ነው። ቋንቋችንም ቢሆን ይህን ነገር አልሳተውም። ሆድ ባሰኝ እንላለን። ሆዴን ባር ባር አለኝ እንላለን። ቶሎ የሚከፋውን ልጅ ሆደ ባሻ ብለን እንጠራዋለን። ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ «ሆዴን» ስትል ለምን ውሸት መሰለን?

በእርግጥ ሐኪም ይቅደም። ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልሰው፣ የሚከሳ፣ ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ልጅ መመርመር አለበት። እኔ የማወራው ተመርምሮ «ምንም የለበትም» ስለተባለው ነው። ምንም የለበትም ማለት ምንም አልሆነም ማለት አይደለም።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ረባሹን ልጅ ሁሉም ያየዋል። ይቆጡታል፣ ወላጅ ይጠሩበታል፤ ቢያንስ ግን ስሙ ይነሳል። ዝምተኛው ግን «ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይታለፋል። ካርዱ ላይም ያው ይጻፍለታል። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ከረባሹ ይልቅ እሱ ነው።

በእረፍት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ለምን ትፈሪያለሽ?» አላልኳትም፤ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ሰውም መልስ የለውም። «ልታነቢ ስትነሺ የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት። እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮዋን ያዘች። «እዚህ ጋ ይታነቃል» አለችኝ። አንድ ቀን ቃል ስታ ክፍሉ ስቆባት ነበር። ያን ቀን እኔም ፈገግ ማለቴ ትዝ አለኝ። እሷ ግን አልረሳችውም።

ከዚያ ወዲያ ለጓደኛዋ ብቻ ጥግ ላይ ማንበብ ጀመረች። ቆይቶ ለአራት ልጆች። በክፍሉ ፊት ለመቆም ወራት ፈጅቶባታል፤ እኔም አላጣደፍኳትም።

ልጆች ስሜታቸውን የሚናገሩበት ቃል ያንሳቸዋል። ብዙዎቹ «ደስ አለኝ» እና «ተናደድኩ» ላይ ያቆማሉ። ተናደድኩ የሚለው ልጅ ግን አፍሮ ሊሆን ይችላል። ቀንቶ፣ ቅር ብሎት፣ ሰው ናፍቆት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በፎቶ ያዩትን ስሜት በስሙ ሲጠሩት አሚግዳላ የሚባለው፣ ከፍርሃት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ነው። ክፍል ውስጥ ያየሁት ግን ከዚህ አይርቅም፤ «አፈርኩ» ማለት የቻለ ልጅ ደብተር አይወረውርም።

«ጊዜ የለም፣ መጽሐፉ አላለቀም» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ 213 ፕሮግራሞችንና ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ አለ። ስሜትን የመረዳትና ከሰው ጋር የመግባባት ትምህርት ያገኙ ልጆች በትምህርት ውጤታቸውም በፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶ ተማሪዎች መካከል በሚይዙት ደረጃ፣ 11 ነጥብ ብልጫ አሳይተዋል። እኔን በጣም የሳበኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ውጤታቸው የተሻሻለው የራሳቸው ትምህርት ቤት ሰዎች ሲያስተምሯቸው ነበር። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሲሰጠው ውጤት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም።

ልንተዋቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። የልጅን ማርክ ክፍል ፊት ማንበብ አንዱ ነው። እረፍት መከልከል ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይላል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ ዕረፍትና ጨዋታን መብት ብሎ አስፍሯል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2013 እረፍት ለቅጣት መነፈግ እንደሌለበት በግልጽ አስታውቋል። ሲንቆራጠጥ የዋለን ልጅ እረፍት ነፍጎ ማስቀመጥ መልሶ ማንቆራጠጥ ነው።

መምህር የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለም። እንዲሆንም አልጠይቅም። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ጉዳት እየደረሰበት እንደሆነ ከነገራችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት። በእርጋታ ስሙት፣ ስለነገራችሁ አመስግኑት፣ ከዚያ ልጁን መጠበቅ ለሚችል አካል አሳውቁ። ብቻችሁን አትሸከሙት።

ርዕሰ መምህራንን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት መምህራን ቁጭ ብለው ስለ ልጆቹ ብቻ ያውሩ። ስለ ማርክ ሳይሆን፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ ማንን በየትኛው ቀን ሆዱን እንደሚያመው። ያኔ እንዲህ ያለ ግማሽ ሰዓት ቢኖረኝ ኖሮ ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ሳምንት ዴስክ ላይ ባልተደፋች ነበር።