ማስተካከያ፦ የትከሻ ሕመም እንቅስቃሴዎች

ለጣና ታንኳ ቀዛፊዎች በተዘጋጀው የትከሻ ሕመም መመሪያ ላይ «ካመመ አቁሙ» የሚለው በሚከተለው ይተካ። ከ10 ሲመዘን እስከ 4 የሚደርስ ሕመም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ እንቅስቃሴውን አያስቆምም። ከእንቅልፍ የሚያነቃ ወይም በማግስቱ የባሰ ከሆነ ክብደቱን ወይም ድግግሞሹን በግማሽ ቀንሱ እንጂ ክንዱን አስራችሁ አታስቀምጡት፤ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል።

ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ «አውራ ጣት ወደ ታች» የተባለው «ወደ ላይ» ተብሎ ይነበብ። ጣቱ ወደ መሬት ሲያይ ጅማቱ ከላዩ ባለው አጥንት ሊጫን ይችላል።

እጅን ወደ ውጭ ለመክፈቻው እንቅስቃሴ የሚለጠጥ ላስቲክ መግዛት የግድ አይደለም። ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይበቃል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይህ አይጠፋም። በተዘጋ በር እጀታ ላይ ይታሰር። ክርን 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ በክርንና በጎን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ይግባ፤ ከዚያ ላስቲኩን የያዘው እጅ ወደ ውጭ ይከፈትና በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይመለስ። 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ከጎን ርቋል፤ ሥራውንም ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ወስዶታል። ትከሻው ወደ ጆሮ ከተሳበ ላስቲኩ ከብዷል ማለት ነው፤ ወደ በሩ ጠጋ በሉ።

«በ2 ሳምንት ይድናል» የሚለው ይሰረዝ፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ወድቆ ክንዱን ማንሣት ያቃተው፣ ትኩሳት ያለው ወይም እጁ የደነዘዘ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይየው።